ለጥብስ የሚሆን ምድጃ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጥ እውነት ነው። ወጥ ድስት ውስጥ ታፍኖ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ከሥሩ ያለው እሳት ትንሽ ቢያጠፋም ይችለዋል። ጥብስ ግን ምሕረት የለውም። እሳቱ ሲበረታ ላዩ ያርርና ውስጡ ደም እንደሆነ ይቀራል፤ ሲደክም ደግሞ ሥጋው ውኃውን አውጥቶ ይቀቀላል። ጥብስ የሚወድ ሰው ስለ ሥጋው የሚጨነቀውን ያህል ስለ ምድጃውም ሊጨነቅ ይገባል።

ቆቦ ይህን ለማየት ጥሩ ቦታ ናት። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። የራያ ሜዳ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ፍየሉም፣ ግመሉም፣ የራያ ሰንጋውም ከዚሁ ሜዳ ነው። በገጠሩ ቤት ማገዶው ብዙውን ጊዜ የማሽላ አገዳ፣ ኩበትና ጭራሮ ነው። አገዳ ቦግ ብሎ ይነድና ወዲያው ይከስማል። ምጣድ ለማጋል ይህ መልካም ነው፤ ፍም ስለማይተው ግን ለጥብስ አይሆንም። ጥብስ የሚፈልገው ነበልባል ሳይሆን ፍም ነው፤ ፍም ደግሞ ከሰልና ምድጃ ይጠይቃል።

ሦስቱ ምድጃዎች

ገበያ የወጣ ሰው በብዛት የሚያገኘው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ተራው የቆርቆሮ ምድጃ ነው። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ከአሮጌ በርሜልና ከውዳቂ ላሜራ ይሠራዋል፤ ርካሽና ቀላል ነው፤ ቶሎ ይግላል። ጉዳቱ ሙቀቱን ወደ ጎንም ወደ ታችም መበተኑ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ቅልጥሙ የሚለበለበው በዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሥጋው ጋ መድረስ የነበረበት ነው።

ሁለተኛው «ላቀች» ነው። ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተተኮሰ ሸክላ ነው። ዘሩ ሩቅ ነው፤ የታይላንዱ የባልዲ ምድጃ ለኬንያው «ጂኮ» መነሻ ሆነ፤ የኬንያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ባለሙያዎች እጅ ለአገራችን ማብሰያ ተስማምቶ ላቀች ተባለ። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ስለሚመልሰው፣ ከተራው ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ከአራት ማዳበሪያ አንዱ ይተርፋል ማለት ነው።

ሦስተኛው በሥጋ ቤትና በምግብ ቤት በር ላይ የሚታየው ረጅም የብረት ሳጥን ወይም ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው። ከላዩ ፍርግርግ ብረት ይጋደምበታል፤ ሥጋው ያለ መጥበሻ በቀጥታ ፍሙ ላይ ይጠበሳል። ብዙ ሰው ለማስተናገድ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ከሰል በልቶ አይጠግብም።

የሦስቱም ምስጢር አየር ነው። ከሰሉ የሚያርፍበት ወለል ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ አየሩ ከታች ባለው በር ገብቶ በቀዳዳዎቹ ወደ ፍሙ ይወጣል። በሩ ሲከፈት ፍሙ ይቀላል፤ ገርበብ ሲል ይረጋል፤ ሲዘጋ ይተኛል። በር የሌለው ወይም በሩ ገጥሞ የማይዘጋ ምድጃ የጠባሹን ፈቃድ አይጠብቅም፤ በማርገብገቢያ ማባባስ እንጂ ማብረድ አይቻልም።

ሲገዙ ምን ያያሉ?

ከበሩ ይጀምሩ። ከፍተው ይዝጉት፤ ገጥሞ ካልተዘጋ ይለፉት። ቀጥሎ ሸክላውን በጣት አጥንት መታ መታ ያድርጉት። ደህና የተተኮሰ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ያለው መያዣ ከተፈረፈረ ሸክላው በቅርቡ ይወልቃል። ድስት የሚያርፍባቸው ሦስቱ ጉብታዎች እኩል መሆናቸውን መጥበሻ አስቀምጦ ማየት ነው፤ መጥበሻው ካዘመመ ዘይቱ በአንድ ወገን ይጠራቀማል፣ ሥጋውም በአንድ ወገን ያርራል።

ፍርግርግ ብረቱ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብር የሚመስለው፣ በዚንክ የተለበጠው ሽቦ ለአጥር እንጂ ለጥብስ አይደለም። በኃይለኛ ፍም ላይ ዚንኩ ጎጂ ጭስ ያወጣል። ያልተለበጠ ጥቁር ብረት ይሻላል፤ ይዝጋል እንጂ አይመርዝም። ከተጠቀሙበት በኋላ ገና ትኩስ ሳለ ፈትጎ፣ በጮማ ቁራጭ አሸት አድርጎ ማስቀመጥ ዝገቱንም ይከለክላል።

ምን ያህል ምድጃ ያስፈልጋል ለሚለው፣ እንደ ወሎ ሰው ማሰብ ነው። በራያም እንደ ሌላው ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሠርግም በተዝካርም ይጠራራል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ታርዶ በየራሱ ዕቃ ይሰናዳል። ድግስ ያለበት ቤት አንድ ትልቅ ምድጃ ከሚገዛ ሁለት መካከለኛ ቢገዛ ይሻለዋል። ፍርግርጉም፣ መጥበሻውም፣ ቢላውም ሁለት ሁለት ይሁን። እንግዳው ሳይጠይቅ ልቡ የሚረጋው ይኼን ሲያይ ነው።

ከሰሉን ማወቅ

ጥሩ ከሰል ከበድ ይላል፤ እርስ በርሱ ሲጋጭ ሸክላ ሸክላ የሚል ድምፅ አለው፤ ሲሰበር ውስጡ ያንጸባርቃል። የግራር ከሰል የሚወደደው ፍሙ ስለሚቆይ ነው። ቡናማ ጉማጅ የበዛበት ማዳበሪያ ግን ገና እንጨት ነው፤ ሲነድ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሥጋውንም ያከረፋል። ከሥር ያለው ድቃቂም ፍም ከመሆን ይልቅ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ይለይ።

ከሰል ከአገዳና ከእንጨት ይልቅ በክብደቱ ብዙ ሙቀት አለው፤ ዋጋው ግን ሜዳው ላይ ይታያል። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት በተለመደው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። በላቀች የሚተርፈው ሩብ ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለግራሩም ነው። ከዞብል ተራራ ማዶ፣ አፋር ውስጥ፣ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍም ከሰል ሲከሰልበት ቆይቷል። ፍሙ ጠንካራ ነው። መጥፎ አረም ሆኖ የመጣ ዛፍ ለጥብስ ማለቁ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከማቀጣጠል እስከ ማውረድ

የትናንቱን አመድ ሳይጠርጉ አይጀምሩ፤ አመድ የደፈነው ምድጃ ቢያራግቡትም አይነሳም። ለማቀጣጠያ የተሰነጠቀ አገዳ ወይም ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው በፌስታልና በላምባ ነው፤ ሽታው ከሰሉ ውስጥ ገብቶ መጨረሻ ላይ ሥጋው ላይ ይገኛል። ከታች አገዳውን፣ ከላይ ትንንሹን ከሰል፣ ከዚያ ትልልቁን ደርድሮ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው።

የመጠበሻው ሰዓት የሚታወቀው በከሰሉ ቀለም ነው። ከሰሉ ጥቁር ሳለ ይጨሳል፤ ነበልባሉ ወርዶ፣ ፍሙ ቀልቶ፣ ላዩ ላይ ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ደርሷል። እጅን ሥጋው በሚጋደምበት ከፍታ ላይ ዘርግቶ መቁጠር አስተማማኝ መለኪያ ነው። እስከ ሦስት ሳይቆጥሩ እጅ ከሰበሰቡ እሳቱ ለዝልዝል ነው፤ አምስትና ስድስት ድረስ ከቻሉ ለጎድን ነው። ከዚያ በላይ ከቆዩ ደግሞ በሩን መክፈት ነው።

የፍየል ሥጋ ስቡ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። የሙክት ሥጋ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ጮማው ሲቀልጥ ቀዩን ሥጋ ያርሰዋል። ዝልዝሉ በኃይለኛ ፍም አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ተገልብጦ ይውረድ። ጎድን ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ለዚህ ፍሙን ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ ነው፤ ጎድኑ መጀመሪያ ፍም በሌለበት በኩል ሆኖ ውስጡ ይበስላል፣ በመጨረሻ ወደ ፍሙ ተገፍቶ ላዩ ይቀላል።

ሳጥን ምድጃ ላይ ትልቁ ጠላት ጠብታ ነው። ጮማው ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሳና ሥጋውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ጥላሸቱ መራራ ነው፤ ለጤናም አይበጅም። ብዙ ጠባሽ ውኃ ይረጭበታል፤ የሚነሳው አመድ ሥጋው ላይ ያርፋል። ሥጋውን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ በሩን ገርበብ ማድረግ ይሻላል፤ ነበልባሉ አየር ሲያጣ ራሱ ይወርዳል። መጥበሻ ወይም ሸክላ ላይ የሚጠብስ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። እርሱ ሥጋውን በአንድ ጊዜ አይጠቅጥቀው፤ ብዙ ሥጋ ሲገባ መጥበሻው ይቀዘቅዝና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ የሚገቡት ሥጋው ከቀላ በኋላ ነው።

ነፋስም የራሱ ነገር አለው። የራያ ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ አቧራውን ይዞ ነው። የምድጃው በር ወደ ነፋሱ ከዞረ ፍሙ ከልክ በላይ ይነድና ፍንጣሪ ይበተናል፤ በሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጀርባው ነፋሱን መቀበል ነው። ለፍንጣሪው ሲባልም ምድጃ ከአገዳ ክምር፣ ከሣር ክዳንና ከከሰሉ ማዳበሪያ ይራቅ።

የማይታየው አደጋ

ፍም ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንማ ቤት ይግባ» ይባላል፤ ዝናብ ሲጥል ወይም ሌሊቱ ሲበርድ። የሚገድለውም እዚህ ላይ ነው። ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን አይሰማም። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ከሰል ምድጃ ቦታው ደጅ ወይም ሁለት ወገኑ ክፍት የሆነ በረንዳ ነው፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ግን በምንም ምክንያት አይደር።

ሲጨርሱ ውኃ አይድፉበት። የጋለ ሸክላ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ የረጠበው ከሰልም ለማግሥቱ አይረባም። የታችኛውን በር ዘግቶ፣ ላዩን በአሮጌ ምጣድ ወይም በቆርቆሮ ክዳን መድፈን ነው፤ አየር ያጣ ፍም ይከስምና ከሰል ሆኖ ይመለሳል። በፍስኩም በጾሙም ለቡናው የሚሆነው እርሱ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዋጋ ሲቀንስልዎ በሩ የላላውን ምድጃ ከሰጠዎ አልቀነሰልዎም፤ የቀረውን ዋጋ በየቀኑ በከሰል ያስከፍልዎታል።