የሆስፒታሉ ማኅተም ምን ይመሰክራል?

በዴንቨርና በአውሮራ የጆይንት ኮሚሽንን የወርቅ ማኅተም በሆስፒታል ላይ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስባል፦ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው ነው፣ ማኅተም የሌለው ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። ሁለቱም ስሕተት ነው። በኮሎራዶ ሆስፒታል ለመሥራት የግድ የሚያስፈልገው የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ጤናና አካባቢ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ጆይንት ኮሚሽን ግን በ1951 የሐኪሞችና የሆስፒታሎች ማኅበራት ያቋቋሙት የግል ድርጅት ነው፤ ሆስፒታሉ ወዶና ከፍሎ ነው የሚመረመረው። ግራ መጋባቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የ1965ቱ የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ሕግ በዚህ ድርጅት እውቅና ያገኘን ሆስፒታል መስፈርቱን እንዳሟላ ቆጠረው፤ በፈቃደኝነት የተባለው ነገርም የሜዲኬር ገንዘብ መግቢያ በር ሆነ። ሆኖም ብቸኛው በር አይደለም፤ እውቅና ያልፈለገ ሆስፒታል በክፍለ ግዛቱ መርማሪዎች ተፈትሾ የሜዲኬር ታካሚዎችን መቀበል ይችላል።

ይልቅ የሚያከራክረው ማኅተም ያለው ሆስፒታል በሽተኛን የተሻለ ያድናል ወይ የሚለው ነው። በ2018 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 4,400 የአሜሪካ ሆስፒታሎችንና ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ታካሚዎችን መዝገብ አይቷል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት፣ እውቅና ባላቸውም በክፍለ ግዛት ብቻ በተፈተሹትም፣ 2.4 በመቶ ነበሩ። በውስጥ ደዌ ታመው ከወጡ በኋላ ተመልሰው የተኙት እውቅና ባላቸው 22.4፣ በክፍለ ግዛት ብቻ በተፈተሹት 23.2 በመቶ ናቸው፤ ልዩነት አለ፣ ግን ቀጭን ነው። አጥኚዎቹም እውቅና ከሞት መቀነስ ጋር አይያያዝም ብለው ደመደሙ። ታዲያ ማኅተሙ ከንቱ ነው? አይደለም። ከ2006 ጀምሮ የጆይንት ኮሚሽን መርማሪዎች የሚመጡት ሳያሳውቁ ነው፤ አንድን በሽተኛ ከመግቢያው እስከ መውጫው እየተከተሉ አሠራሩን ይፈትሻሉ። ሠራተኛውን ንቁ የሚያደርግ ነገር ነው። ነገር ግን ጉብኝቱ በየሦስት ዓመቱ ገደማ የሚደረግ ነው፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ደግሞ በየቀኑ ይታጠባል። በዴንቨሩ ፖርተር አድቬንቲስት ሆስፒታል ከጁላይ 2016 እስከ ፌብሩዋሪ 2018 የአጥንትና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች አጸዳድ ጉድለት እንደነበረበት ለሕዝብ የገለጸው የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃድም ሆነ ማኅተም የዕለት ተዕለቱን ሥራ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ሆስፒታል የሚመርጥ ሰው ከማኅተሙ አልፎ ቢያይ ይሻለዋል። የኮሎራዶ የ2006 ሕግ በሆስፒታል ውስጥ የሚያዙ ኢንፌክሽኖች ለሕዝብ እንዲገለጹ ያስገድዳል፤ ሜዲኬርም ሆስፒታሎችን የሚያወዳድር መረጃ በነጻ ያወጣል። አቤቱታ ያለውም ሆስፒታሉ ማኅተም ኖረውም አልኖረውም ለክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላል።