ሥጋን በጮማ መስፋት

በቆዩ የእንግሊዝ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ «ላርድ» የሚለው ግስ ቀይ ሥጋን በቀጫጭን የጮማ ዝልዝሎች መስፋት ማለት ነው። ዛሬ ለንደን ሱፐርማርኬት ውስጥ በዚሁ ስም የሚሸጠው ግን ቀልጦ የተጣራ የአሳማ ስብ ነው፤ ለሊጥና ለመጥበሻ ይሆናል። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ገልጦ ወጥ ቤት የገባ ሰው ሥጋውን «ላርድ» እንዲያደርግ ሲታዘዝ፣ ስብ ቀብቶት ምድጃ ውስጥ ቢከተው አይፈረድበትም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ግሱን የፈታው በአሳማ ጮማ ከመጠቅጠቅ ጋር አያይዞ ነው።

ዘዴውን የወለደው የሥጋው ጠባይ ነው። የአጋዘን፣ የጥንቸልና የቆቅ ሥጋ፣ የጥጃም ታፋ፣ በውስጡ ጮማ የለውም ማለት ይቻላል። እሳት ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ውሃውን ጨምቆ ያወጣና ይደርቃል። ወጥ ሠሪው ታዲያ እንስሳው ያልሰጠውን የጮማ ንብርብር በእጁ ይሠራል። ብዙ ሰው ጮማው ቀልጦ ሥጋው ውስጥ የሚሰርግ ይመስለዋል፤ አይሰርግም። በተወጋበት ቀዳዳና በዙሪያው ይቀራል፣ ሲታኘክ አፍን ያለሰልሳል። እውነቱን ለመናገር ላርዲንግ የሚባለው ይህ ዘዴ ድርቀቱን ይሸሽጋል እንጂ አያስቀርም።

ኢዛቤላ ቢተን በ1861 ለንደን ውስጥ በታተመው ዝነኛ የቤት አያያዝ መጽሐፏ ሥራው ያን ያህል እንደማያስፈራ ትገልጻለች። ጮማው እኩል እኩል መቆረጥ አለበት። ለዶሮና ለአደን ሥጋ ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፤ ለበሬ ጭቅና ወፈር ይደረጋል። ሶልትፒተር የተባለው፣ ባሩድም የሚሠራበት ጨው የገባበት ጮማ ግን ነጭ ሥጋን ስለሚያቀላ አይመረጥም።

አሰፋፉን የወሰደችው ከአሌክሲስ ሶየር ነው፤ በለንደኑ ፓል ማል ጎዳና በሚገኘው ሪፎርም ክለብ የወጥ ቤቱ አለቃ ከነበረው ፈረንሳዊ። ሥጋው በንጹሕ ጨርቅ ተደርጎ እጅ ላይ ይጋደማል። ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ መርፌ ጫፍ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት፣ ሦስት መስመሮች ይሰመሩበታል። መርፌው በሦስተኛው መስመር ገብቶ በመጀመሪያው ይወጣል፤ የተሰነጠቀ ጭራው የነከሰውን ጮማ ጎትቶ ያሳልፋል። በሁለቱም በኩል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ጫፍ ብቅ ብሎ ይቀራል። ተከታዩ ረድፍ በቀዳሚው ክፍተት መካከል ስለሚወጣ፣ ሲያልቅ የሥጋው ፊት እንደ ዳማ ገበታ ይሆናል። ውበቱም የሥራው አካል ነበር። ሥጋውን ሳይወጉ በስስ የጮማ ቁራጭ መሸፈን ደግሞ ባርዲንግ ይባላል። ከሁለቱ ቀላሉ ይኸኛው ነው፤ የሚጠቅመው ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው።

ዛሬ ላርዲንግ ከለንደን ቤቶች ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከብቱ ደልቦ ጮማውን በሥጋው ውስጥ ይዞ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት የምትውል ቅጥር ሠራተኛ የለችም፤ ስብም ተፈርቷል። ዛሬም የሞቀ ኑሮ ያለው «ላርድ» የሚለው ግስ ዘመድ «ኢንተርላርድ» ነው። ንግግሩን በባዕድ ቃላት ለሚጠቀጥቅ ሰው ይነገራል፤ ለንደን የከረመ አበሻ አማርኛ ሲናገር የሰማ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዘዴውን መሞከር የሚፈልግ፣ ነገር ግን እንደ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አሳማ የማይበላ አንባቢ በበሬ ጮማ ወይም በበግ ላት ሊሠራው ይችላል። ላት ቶሎ ስለሚለሰልስ ከመቆረጡ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ጠጠር ማለት አለበት። መርፌው ካልተገኘም ሥጋውን በቀጭን ቢላዋ ወግቶ ጮማውን በጣት ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል።