የመተማ ሰው አፉ ቢቀላቀል ምን ነውር አለው?

መቼም «እገሊት አማርኛዋ ይሰባበራል» ብሎ የማያማ የለም። እንዲህ ያለው ሐሜተኛ መተማ ዮሐንስ ቢመጣ ግን ሲያማ ውሎ ሲያማ ያድራል! ከተማችንና የሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት የሚተያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። ሰሊጥና ጥጥ፣ ደላላና የቀን ሠራተኛ በሚተራመስበት ቆላ አማርኛው፣ ጉምዝኛውና አረብኛው ቢቀላቀል ይገርማል?

ነገሩ ዛሬ የመጣም አይደለም፣ ውድ አንባቢ። ደጃፍዎ ላይ ያለው «ሱቅ»፣ ሻንጣ ሙሉ ወሬ የያዘው «ደላላ» ከአረብኛ የመጡ ናቸው። ቡና የሚጠጡበት «ሲኒ» በአረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። ድንበር ላይ የሚፈትሸን «ጉምሩክ» ደግሞ ከቱርክኛ የወረደ ነው። ሱዳኖች ገንዘብን «ጉሩሽ» ይሉታል፤ ይኸውም የቱርኮች «ኩሩሽ» ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1821 እስከ 1885 በቱርክና ግብፅ አገዛዝ ሥር ነበረች። ገዢዎቹ ሄዱ፣ ቃሉ ቀረ። በምኒልክ ዘመን የእኛም ብር ሽርፍራፊ «ግርሽ» ይባል ነበር፤ ዘመዳሞች ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በልጆች ላይ የሚሳቀው ሳቅ ነው። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ገባ። ከነሱ መሀል ካርቱም የከረሙ የእኛው እህቶች ነበሩ። አንዷ ያጫወተችኝን ላካፍላችሁ። እዚያው የተወለደችው የ6 ዓመት ልጇ ጎረቤት ገብታ «ሞያ ስጡኝ» አለች። በሱዳን አረብኛ «ሞያ» ውሃ ነው። የቤቱ ሰዎች «ሞያማ ከእናትሽ ተማሪ!» ብለው በሳቅ ፍርስ አሉ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አፏን አትከፍትም፤ ሲጠማት በእጇ ታሳያለች። እናት «ከጥይት አውጥቼ ዲዳ አደረግኋት» እያለች ታለቅሳለች።

እህቴ፣ አረብኛውን አታስጥያት። «ሞያ እኛ አገር ውሃ ይባላል» ብለሽ ሁለቱንም ስጫት፤ ነገ ገበያ ላይ እንጀራዋ ነው። መምህራንም እባካችሁ ከመሳቃችሁ በፊት «ምን ማለትሽ ነው?» በሉ። የተሳቀበት ልጅ ቃሉን ብቻ አይተውም፣ መናገሩን ይተዋል።

ልጅ ውሃ ሲጠይቅዎት በየትኛውም ቋንቋ ይሁን መጀመሪያ ውሃውን ይስጡ። ቃሉን ከጠጣች በኋላ ያስተምሯታል።