ሞተር ብስክሌት በመኪና ጀርባ፤ ከመርካቶ እስከ ዓባይ በረሃ

ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው በእርሻ፣ በጤና ወይም በመምህርነት ሥራ ወደ ገጠር ሲመደቡ፣ ከደመወዛቸው አጠራቅመው ሊገዙት ከሚመኙት ዕቃ አንዱ ሞተር ብስክሌት ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሞተር ማለት እግር ማለት ነውና። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ የተገዛው ሞተር ጎጃም እንዴት ይደርሳል? የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ፣ አስነስቶ እየጋለቡ መውጣቱ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። ስለዚህ መርካቶ ወርዶ ማስጫን ይመጣል።

እዚያም ባለ ጭነቱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኪሎ ነው?» ተብሎ ነው። (ኪሎ ሲባል ስድስት ኪሎ የሚታየን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።) በእኛ አስተያየት ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚቀመጥበት ቦታ ይበልጣል።

ውስጡ መኝታና ምድጃ ባለው መኪና አገር ለአገር የሚዞሩ አውሮጳውያን ሞተር ብስክሌታቸውን ከመኪናው ጭራ፣ በብረት መደርደሪያ ላይ አንጠልጥለው ይጓዛሉ። ሲያዩት የሚያምር ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡን እንመልከት። በእንዲህ ያለው ጉዞ የታወቀው የቀድሞው ቮልስዋገን ኮምቢ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2.4 ሜትር ነው። 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ብስክሌት ከኋላ ጎማው 1.2 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ተሰቀለ እንበል። የኋላ ጎማው አክስል የምፍንቅል መደገፊያ ሆነ ማለት ነው፤ 120 በ1.2 ተባዝቶ ለ2.4 ሲካፈል 60 ይሆናል። እንግዲህ ከፊት ጎማዎች ላይ 60 ኪሎ ይነሣል፤ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚጨመረው ግን 120 ሳይሆን 180 ኪሎ ነው።

ይህን የመርካቶ ተሸካሚ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ያውቀዋል። ኩንታሉን ወደ ማጅራቱ አስጠግቶ ጎንበስ የሚለው፣ ሸክሙ ወደ ኋላ ቢንጠለጠል አንጋሎ እንደሚጥለው ስለሚያውቅ ነው። መኪናም እንደዚሁ ነው። የፊት ጎማው ሲቀልል መሪው ይላላል፤ በኩርባ ላይ ሹፌሩ ያዞረውን ያህል አይዞርም፤ የፊት ፍሬንም መሬት ቆንጥጦ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ኮምቢው ደግሞ የገዛ ሞተሩም ከኋላ ስለሆነ ጭራው ቀድሞውኑ ከባድ ነው። ከምናለሽ ተራ በያጆች ዘንድ ሄዶ መደርደሪያውን ማሠራት ይቻል ይሆናል፤ ግን ብየዳው የቱንም ያህል ቢጠና ሒሳቡን አይለውጠውም። ጭነቱ ከባድ፣ መኪናው አጭር ከሆነ በጭራ ላይ ባይሰቀል እንመርጣለን።

ሁለተኛው ቦታ የአውቶቡስ ጣሪያ፣ ማለትም ፖርቶመጋላው ነው። ይህን በፍጹም አንደግፍም። 120 ኪሎ ብረት በመሰላል ወደ ላይ ሲወጣ ከሥር የሚቆመው የጫኝ ራስ ነው፤ ገመዱ መንገድ ላይ ቢበጠስ ደግሞ ከኋላ የሚመጣው መንገደኛ ዋጋ ይከፍላል። ክብደት ከፍ ባለ ቁጥርም መኪናው በኩርባ ላይ ይወዛወዛል።

የሚቀረው የጭነት መኪና አልጋ ነው። በፍጥነቱ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ኢሱዙ እንኳ ለዚህ ይሻላል፤ ሞተሩ በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣልና። አስተሳሰሩ ግን ትኩረት ይሻል። ቤንዚኑ ይቀዳ። የፊት ጎማው ከአልጋው የፊት ግድግዳ ጋር ይግጠም፤ በመካከላቸው አሮጌ ጎማ ይግባ። ገመዱ ከመሪው ሥር ካለው ጠንካራ ብረት ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችም ይወጠር፤ ወደ ጎን ብቻ ቢሳብ ሞተሩ ከመዝለል አይድንም። የፊቱ ሞላ እስከ ግማሽ ይጨቆን፤ ጨርሶ ቢጨቆን የዘይት መያዣው ጎማ ይጎዳል። ኋላውም በሁለት ገመድ ይያዝ። በጎን ማቆሚያው ላይ አስደግፎ ማሰር ብዙ ጊዜ የሚታይ ልማድ ነው፤ ማቆሚያው ግን የቆመን እንጂ የሚዘልን ሞተር እንዲሸከም አልተሠራም።

ስለ ገመዱም አንድ ቃል እንጨምር። የቃጫ ገመድ ዝናብ ሲመታው ይኮማተራል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ ናይሎን ደግሞ ሲወጠር ይለጠጣል። ስለዚህ መርካቶ ላይ የጠበቀው ቋጠሮ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ ሲደርስ ሌላ ቋጠሮ ነው። ሹፌሩን ለምኖ እዚያ ወርዶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መፈተሻ ጎሐ ጽዮን ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሞተሩ ወደ ፊት ይገፋል፤ የፊቱ ሞላ ይጨቆንና የፊት ገመዶች ይረግባሉ፤ ወደ ኋላ የሚስቡት ሁለቱ ገመዶች ካልጠበቁ የሚይዘው የለም።