ዴክሳ ትኩሳቱን እንጂ ጀርሙን አያጠፋም

«ዶክተር፣ ሲያተኩሰኝ ከፋርማሲ ዴክሳ ገዝቼ ስወስድ ይሻለኛል፤ ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። አዎ፣ አለው።

ነጭ የደም ሴሎቻችን ጀርም ሲያገኙ በውስጣቸው የተወሰኑ ጂኖች ይነቁና ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። እነ ኢንተርሉኪን-6 አንጎልን «ሙቀት ጨምር»፣ ሌሎች ሴሎችን «ድረሱልን» ይላሉ። ትኩሳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) እነዚህን ጂኖች ዝም ያሰኛል፤ ጀርሙን ግን አይገድልም! እናንተ «ተሻለን» ስትሉ ቲቢ ውስጥ ለውስጥ ሊባባስ ይችላል።

መድኃኒቱ ቦታ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሪከቨሪ ጥናት ኦክስጅን ላይ የነበሩ የኮቪድ ታማሚዎችን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም።

ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ። ለሳምንታት የወሰዳችሁ ደግሞ በድንገት አታቁሙ፤ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።