ትንንሾቹ ቃላት በቆላው ክፍል፦ የእንግሊዝኛ አርቲክል ከነገሌ እስከ ሞያሌ

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገሩ ይደነግጣል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ክርክሩ ወዲያው ወደ ኩረጃና ወደ መምህራን ብቃት ይዞራል። አብዛኛው ፈተና የሚቀርብበት እንግሊዝኛ፣ ይልቁንም ትንንሾቹ ቃላቱ፣ “ኧ”፣ “ኧን” እና “ዘ”፣ አስታዋሽ የላቸውም።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ በአብዛኛው እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በፊልቱና በዶሎ አዶ በሶማልኛ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። የባዮሎጂ መጽሐፍ “ዘ ኸርት ፓምፕስ ብለድ” ሲል “ዘ” የማንንም የተለየ ልብ አይጠቁምም፤ ልብ የተባለውን ሁሉ ነው። “ብለድ” ደግሞ ምንም ሳይቀድመው ይቆማል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተማሪ “ልቡ” ይልና የማን ልብ እንደሆነ መፈለግ ይጀምራል፤ የእኛ “ኡ” የታወቀውንም የባለቤትንም ነገር ታመለክታለችና።

የቆላው ልጅ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። ሶማልኛ “ኒን” ያለውን ሰው፣ ሲታወቅ “ኒንካ” ይለዋል፤ ቀድሞ የተነሳ ከሆነ “ኒንኪ”። አፋን ኦሮሞ “ነመ”ን “ነሚቸ” ማድረግ ይችላል፣ ግዴታ ባይሆንም። አማርኛም “ሰውዬው” አለው። ስለዚህ የ“ዘ” ሐሳብ በሦስቱም አፍ አለ። ሦስቱም የማያስገድዱት “ኧ”ን ነው። “ተማሪ ነኝ” የሚል ልጅ “አይ አም ስቱደንት” ቢል የሚገርም አይደለም። ሞያሌ ላይ ከድንበሩ ማዶ የሚሰማው ስዋሂሊ ደግሞ ጭራሽ አርቲክል የለውም።

ክፍለ ጊዜው የሚያልቀው ግን በ“ኧ” እና በ“ኧን” ልዩነት ነው፤ “አወር” በ“ኧን”፣ “ዩኒቨርሲቲ” በ“ኧ”። ይህ የድምፅ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም የቀለለው። ከባዱ የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን መለየት ነው። እኛ “አንድ ምክር” እንላለን፤ እንግሊዝኛ “አድቫይስ”ን አይቆጥርም። የቦታ ስም ሕጉ በቃል ከመያዝ አያልፍም፦ ገናሌና ዳዋ ወንዞች ስለሆኑ “ዘ” ይወስዳሉ፣ ነገሌ ከተማ ስለሆነች አትወስድም። የ“ኧን” ምንጭም “አንድ” ማለት የነበረው የጥንቱ እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ “አንድ ሰው መጣ” ስንል የእኛም ቃል በዚያው መንገድ ይሄዳል።

እኔን የሚይዘኝ የቀይ እስክሪብቶ ክርክር ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጆን ትረስኮት በ1996 እ.ኤ.አ. በተማሪ ጽሑፍ ላይ ሰዋስው ማረም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብሎ ጻፈ። ዳና ፌሪስ በ1999 ተቃወመችው። ነገሩን ወደ ሙከራ ካወረዱት አንዱ ጆን ቢችነር ነው፤ በ2008 ባወጣው ጥናት በኒውዚላንዷ ኦክላንድ የሚማሩ የውጭ ተማሪዎችን ሁለት ነገር ላይ ብቻ አረማቸው፦ መጀመሪያ ሲነሳ “ኧ”፣ ሲደገም “ዘ”። የታረሙት ካልታረሙት በለጡ፤ ከሁለት ወር በኋላም ብልጫው አልጠፋም።

የኦክላንድ ክፍል የነገሌ ክፍል አይደለም። ቢሆንም ለእኛ መምህር የሚበጀው ይህ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪ የሞላበት ክፍል የሚያስተምር ሰው ሁሉንም ስሕተት ማረም አይችልም፤ አንዱን መርጦ ሳምንታት መከታተል ግን ይችላል። ልጆቹ ስለ ውኃ ጉድጓድና ስለ ጠፋች ግመል ይጻፉ። ግመሏ መጀመሪያ ስትመጣ “ኧ”፣ ስትመለስ “ዘ”፤ “ኒን” እና “ኒንኪ” የሚል ልጅ ልዩነቱን ቀድሞ ያውቀዋል፣ መምህሩ ካስታወሰው።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ቢሠራም ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ብቻ ነው፤ አርቲክል የሚሞላበት ባዶ ቦታም ብዙ ጊዜ በአንድ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀመጣል። አርቲክል ግን አንባቢው ከዚያ በፊት ባወቀው ላይ የቆመ ነው። ከፊቱና ከኋላው ምንም በሌለበት ዓረፍተ ነገር “ኧ ካሜል” እና “ዘ ካሜል” ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ መልስ ወረቀቱ ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል። አንቀጽ ሙሉ ታሪክ ሰጥቶ ክፍት ቦታዎቹን ማስሞላት የምርጫ ጥያቄነቱን ሳያስቀር ይህን ያስተካክላል።