ለማኅፀንና ፅንስ ስፔሻሊቲ የጽሑፍ ፈተና ስለ መዘጋጀት



ዛሬ የምናገረው የማኅፀንና ፅንስ ሕክምና ሬዚደንት ለጽሑፍ ፈተና እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባው ነው። ሥልጠናው በሀገራችን አራት ዓመት ይፈጃል። አዳር ተራው፣ ቀዶ ሕክምናውና የክፍል ዙረቱ ጊዜውን ስለሚሻሙት ንባብ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ከአዳር ወጥቶ በፒያሳ ካፌ ማስታወሻውን የዘረጋ፣ ማኪያቶው የቀዘቀዘበት ሐኪም ለደሴ ሰው እንግዳ አይደለም።

ይህ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ያሰመረበትን ገጽ ዳግመኛ እያነበበ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ደግመው ያነበቡት በልጠው ነበር፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ደግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜትን ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን እስከ ፈተናው ቀን አይቆይም። ስለዚህ መጽሐፉን ክደኑና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ማግኒዝየም ሰልፌትን እንውሰድ። በጡንቻ በሚሰጠው አሰጣጥ መነሻው 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም በጡንቻ፣ ከዚያም በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም መሆኑን የማያውቅ ሬዚደንት አላጋጠመኝም። ጥሩ ፈታኝ ግን ይህን አይጠይቅም። የሚጠይቀው እንዲህ ነው፦ ኤክላምፕሲያ ያለባት እናት ቀጣዩ መርፌዋ ደርሷል፤ ባለፉት 4 ሰዓታት የሸናችው 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የጉልበት ሪፍሌክስ የላትም፤ በደቂቃ 10 ጊዜ ትተነፍሳለች። ምን ታደርጋለህ? መርፌው ይቆማል፣ አተነፋፈሷ ይደገፋል፣ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በደም ሥር በዝግታ ይሰጣታል። ማግኒዝየም የሚወገደው በኩላሊት መሆኑን የተረዳ ሰው የመጠን ሠንጠረዡ ቢጠፋበት እንኳ እዚህ መልስ ላይ ይደርሳል።

የጥያቄ ስብስቦቻችን አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። መጽሐፉ ነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ11 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ አለባት ይላል። ይህ ልኬት ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ማስተካከያ በዚህ ከፍታ መነሻውን ከ1 ግራም በላይ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ፒያሳ የምትኖር ነፍሰ ጡር 11.6 ይዛ ብትመጣ መጽሐፉ ጤነኛ ናት ይላታል፣ ተራራው ግን አይስማማም። ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ማስተካከያው ያነሰ ነው። እኔ ፈታኝ ብሆን ይህን ጥያቄ ሳላወጣ አላልፍም።

የመጽሐፉን እትምም ተመልከቱ። ነባሩ ፓርቶግራፍ ንቁ ምጥን ከ4 ሴንቲ ሜትር ይጀምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የምጥ ክትትል ቅጽ ከ5 ይጀምራል። ሁለቱንም ዕወቁ፤ በየትኛው መመሪያ እንደምትፈተኑ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጊዜያችሁን ስታከፋፍሉ ለደም መፍሰስ፣ ለደም ግፊት፣ ለኢንፌክሽን፣ ለተራዘመ ምጥና ለውርጃ መዘዞች ትልቁን ድርሻ ስጡ። (ሬዚደንት ብርቅዬ የእንቁላል ዕጢ ዕጢዎችን ለምን እንደሚወድ እስከ ዛሬ አልገባኝም።) በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871፣ በ2008 ዓ.ም. 412 ነበሩ። ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ቢወርድም የቀሩት እናቶች በአመዛኙ የሚሞቱት በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። ፈታኙ ከዚህ የሚጠይቀው፣ ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም ትራኔክሳሚክ አሲድ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ጥቅሙ እንደሚቀር ስለምታውቁ ነው ወይስ ስለማታውቁ? ማታ በተራችሁ ላይ የምትመጣው እናትም ይህንኑ ትጠይቃችኋለች።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። ለእንግሊዙ ሮያል ኮሌጅ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትቀመጡ፣ እያንዳንዱ ወረቀት 3 ሰዓትና 100 ጥያቄ አለው፤ ግማሹ አንድ ትክክለኛ መልስ የሚመረጥበት፣ ግማሹ የማዛመድ ዓይነት ነው። ማዛመዱ ከነጥቡ 60 በመቶ ስለሚይዝ 110 ደቂቃ መድቡለት። ለስሕተት ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ ይዛችሁ አትውጡ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።